ብርሃን ምን ተሳፍሮ ይመጣል?

አይ ታዬ፣ እሱን እንኳ አልቀበልህም። ከጎንደር የላክኸውን ቴፕ ሁለት ጊዜ አዳመጥሁት። «ብርሃን ተሸካሚ አያሻውም፣ በባዶ ይሄዳል፤ የተቆጣኸው ትምህርቱ ስላልገባህ ነው» ትለኛለህ። የቱ ነው ያልገባኝ? የፈረንጅ ሊቃውንት ብርሃን የሚሳፈርበት ኤተር የሚባል የማይታይ ነገር አለ ይሉ እንደነበር፣ ኋላ ፈልገው ፈልገው እንዳጡት፣ ለእኔም አስተማሪያችን ነግሮኛል። የገባኝ ገብቶኛል። ቆይ፣ ያልገባኝን ልንገርህ። ባለሱቁ ሐጂ ይህን እንድቀዳልህ ቴፓቸውን አውሰውኝ፣ እዚህ ወረታ ሱቃቸው በር ላይ «ልጄ፣ ባትሪውን ጨረስኸው» እያሉኝ ነው። ይለቅ።

ፊት የኔታን ጠይቄ ነበር፣ ጣራ ገዳም ድረስ ወጥቼ። የኔታ እንደሆኑ ተሸካሚ የሌለው ነገር አያውቁም። ምድር በውሃ ላይ ናት፣ ውሃው በነፋስ ላይ ነው፣ ነፋሱ በእግዜር ቃል ላይ። ብርሃንስ የኔታ ብላቸው፣ ብርሃንም በቃሉ ነው የቆመ አሉኝ። ቃሉስ ምን ላይ ቆመ ብዬ ብጨምር፣ መቋሚያቸውን አነሡብኝ። የቀረውን ትምህርት በሩጫ ነው የጨረስሁት።

ፎገራ ለተወለደ ሰው ግን የየኔታ ነገር ምን ይከብደዋል? በሐምሌ ናና እየው። ቤቱ ውሃ ላይ፣ ላሙ ውሃ ውስጥ፣ ሰዉ ቆጥ ላይ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ? የእኛው ማሳሳቁንም ትቶታል።

መስታወቱንስ ረሳኸው? ውሃው ሜዳውን የዘጋው እንደሆን፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ወደ ወረታ ኮረብታ እናብለጨልጫለን። «ደህና ነን፣ አልወሰደንም» ማለት ነው። ዘመድም ከማዶ በመስታወቱ ይመልሳል፣ «ተመስገን»። ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሌላ ቃል ያስተማረው የለም።

እንግዲህ ባለፈው ነሐሴ እህቴን ጥሩዬን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን ጧት አዋላጇ እጇን ታጥባ «እኔ በቃኝ፣ ወረታ ክሊኒክ፣ ድሬሰሩ ዘንድ አድርሷት» አለች። ሜዳው ጉልበት ድረስ ነው፣ በቃሬዛ ይታለፋል። ወንዙ ነው እንጂ፤ ወንዙ በሬ ይወስዳል። ታንኳው ደግሞ ማዶ ነው፣ አጎታችን ጋሽ ውበቱ ዘንድ።

ወንዙ ዳር አድርሰናት ተጣራን። ድምፅ መቸም ነፋስ ላይ ነው የሚሳፈር። ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ነበርና ጩኸታችንን መልሶ አፋችን ውስጥ ከተተው። የጨነቀው ምን አይነካም? መስታወቱን አነሣሁ። አበራሁ። ከማዶ መለሱ። ደግሜ አበራሁ። መለሱ። ጥሩዬ ቃሬዛው ላይ ሁና «አዩን?» አለችኝ።

«አይተውናል፣ መጡ» አልኋት።

እጄ እስኪዝል አብለጨለጭሁ። የእኔ በበዛ ቁጥር የእነሱም በዛ፤ ጭራሽ ሦስት አራት መስታወት ሆነ። ታንኳ ግን የለም።

ሴቶቹ እዚያው ጭቃው ላይ አዋለዷት። እሷ ተረፈች። ልጁ ሳያለቅስ ቀረ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ውሃው ጎደለና ጋሽ ውበቱ መጡ፣ ለገንፎ የሚሆን አንድ ቅል ቅቤ ይዘው። ገና ከደጅ እየሳቁ፣ «የታለ ጎረምሳው? ያን ያህል ስታብለጨልጩ፣ ወንድ ቢሆን ነው ብለን ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ» አሉ። ጥሩዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሚቀበላቸው ጠፍቶ ቅላቸውን እንዳቀፉ ቁመው ቀሩ።

አየህ ታዬ፣ ብርሃኑማ ደርሷል። ሳይረጥብ፣ ሳይሰምጥ ደርሷል። በባዶም ሄደ በኤተር፣ እሱ የእናንተ ጣጣ ነው። «ድረሱልን» የምትለውን ቃል ግን የሚሸከምልን አጣን። ጋሽ ውበቱን አልቀየማቸውም፤ ያዩት የሚያውቁትን ነው።

ታዲያ በማን ነው የተቆጣኸው አትለኝም?

አምና በበጋ ምክትል ወረዳ ገዥው በበቅሎ መጥቶ፣ ወንዙ ላይ የእግር ድልድይ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ግንድ ያውጣ አለ። አወጣን። አባቴ ከጓሯችን ያለችውን አንዲት ባሕር ዛፍ ቆረጠ። ወረታ ላይ ይጠረባል ተብሎ በትከሻችን ተሸክመን አደረስን። ይኸው ዛሬ ከሐጂ ደጅ ቁሜ አየዋለሁ፤ የገዥው አዲስ አዳራሽ ምሰሶ ሁኗል። የአባቴን ግንድ በመጥረቢያው ምልክት ለየሁት። ሐጂ «ዝም በል፣ ይሰማሃል» ይሉኛል። እንዲሰማ አይደል የምናገረው።

ስማኝ አንተ ገዥ፣ ብርሃን እንደ ሆነ ምንም ሳይረግጥ ይሻገር። እህቴ ግን ሥጋ ናት። ያን ሁሉ ግንድ ለአዳራሽህ ስትተክል፣ እሷ ምን ረግጣ ትሻገር ብለህ ነበር?