ሽታ የሌለው ዳማከሴ ሽምግልና ሄደ

ዛሬ የደረሰብኝን ከመናገሬ በፊት ቁጭ በሉ። እኔማ ከተቀመጥኩ ቆየሁ።

ሽማግሌዎቼ የፍቅረኛዬን የምሕረትን አባት ለሁለተኛ ጊዜ ሊያነጋግሩ እነሱ ሰፈር፣ ላይ ሴቻ ሄደው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አባቷ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከኦቾሎ መንደር የመጣው አጎቴ በኩራት «ጠርሙስ ውስጥ ዳማከሴ ያበቅላል» አለ።

«እንግዲያው ስትመለሱ ይዛችሁልኝ ኑ» አሉ። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። ነገር በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። ያንን ምች ሲመታን የምንታሸውን ዳማከሴ ቁራጭ ወስደን፣ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ እየመገብን እናባዛዋለን። ፕሮጀክቱ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ ከዚያ ዘይት ይወጣል፤ ለመድኃኒት፣ ለሳሙና፣ ለምናምን።

ምሕረትንም «ዘይቱ ይውጣና እንጋባለን» እያልኩ ነው እዚህ ያደረስኳት። ስንት ክረምት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

እና ምን አደረግኩ? በጣም ያማረውን ጠርሙስ መርጬ ለአጎቴ ሰጠሁት። በሪባን አስሬ።

ሪባን!

ጠያቂው ልጅ መቼም አብሮ አይሄድም። ስለዚህ እታች፣ ሲቀላ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ አቮካዶ ጁስ አዝዤ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ።

ጠራ። አጎቴ ነው።

«ይሄ ክዳን በየት በኩል ነው የሚዞረው?»

«አጎቴ፣ እንዳትከፍቱት!»

«ተከፈተ፣ ተከፈተ።»

ስልኩን ሳይዘጋው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የቀረውን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ብዘጋው ይሻለኝ ነበር፤ ግን እናንተ ብትሆኑ ትዘጉት ነበር?

መጀመሪያ የጠርሙስ ኳኳታ። ከዚያ አባቷ፦ «ይሄ ኩርኩፋ ነው?»

ለማታውቁት፣ ኩርኩፋ የበቆሎ ዱቄት ከሀለኮ፣ ሽፈራው ከሚሉት ዛፍ ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ የሚቀቀል የኛ ምግብ ነው። እውነቱን ለመናገር ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው።

በረጅሙ ሲያሸቱ ተሰማኝ።

«ሽታ የለውም» አሉ። «ዳማከሴ አይደል ያላችሁኝ?»

ማንም ባይጠይቀኝም ሳይንሱን ላስረዳ። የዳማከሴ ዘይት የሚቀመጠው ቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ነው። የኔ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ደግሞ ቅጠል የለውም፤ ዝም ብሎ የሚያብጥ አረንጓዴ ነገር ነው። ቅጠል እንዲያወጣ ያልሞከርነው የለም። እሱ መወፈር ብቻ ነው የሚያውቀው። ለምሕረት «ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ» ስል ጊዜው ሄደ።

አጎቴ ሊያድነኝ ሞከረ። «ቲቸር፣ ገና ልጅ ነው እኮ። ሲያድግ ይሸታል።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ስትጠብቀው የኖረችው ምሕረት ታውቃለች።»

ምነው አጎቴ! ምን በደልኩህ?

ከዚያ እናቷ ወጥተው ሲመለሱ ሰማሁ። «ከአጥራችን ዳማከሴ ቆርጬ ነው» አሉ። «ለልጁ ስጡልኝ፣ ለምርምሩ ይሆነዋል።»

ከልባቸው ነው እኮ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

አባቷም ልጅቷን አማክረው መልስ እንደሚልኩ ተናገሩና ሽማግሌዎቹን ሸኙ። አጎቴ ካፌው ድረስ መጥቶ ያንን ዳማከሴ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አስተናጋጇ ሳትቀር «ደስ ሲል!» ብላ አሸተተችው። ጁሴን አልጨረስኩትም።

አመሻሽ ላይ ምሕረት ደወለች። ገና ሃሎ ሳትል አባቷን ማማት ጀመርኩ። አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ማረም አይተውም፣ ምናምን አልኩ።

«አባቴ እኮ እሺ ሊል ነበር» አለችኝ። «እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

የእናቷን ዳማከሴ ከፊቴ ገፋ አደረግኩት።

«ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እኔም ጠርሙሱን አሸተትኩት» አለች። «ባይሸት ምንም አልነበረም። አብሬህ እጠብቅ ነበር። አይሸትም ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ።»

ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ዘጋችው።

እና አሁን ንገሩኝ፤ ለእሷ አንዲት ቃል ያጣሁት እኔ፣ ለእናንተ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሁት?