እትዬ አሰለፈች ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሲያለቅሱ

መጽሐፍ ውስጥ ላለ ድሃ ማዘን ደስ ይላል። ደጃችሁን አያንኳኳም፣ ልጃችሁንም ለትዳር አይጠይቅም። ገጹን ገልጣችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ስታጥፉት እንባችሁም ይደርቃል። እኔም ከእናንተ አልሻልም፤ የዛሬው ወሬ ግን የጎረቤቴ የእትዬ አሰለፈች ነው።

እትዬ አሰለፈች እዚሁ ሽሮ ሜዳ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ ደግ፣ ትንሽ ኮራ ያሉ ባልቴት ናቸው። በክረምቱ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎላቸው በፋሻ ተሸፈነ፤ ሌላው ድሮም ፊደል አይለይም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አንድ የቆየ ልብ ወለድ አነብላቸው ጀመር። የባላባት ልጅ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ይወዳል፤ ባላባቱ አባቱ ያሳድዷታል። እትዬ አሰለፈች እኚህን አባት እንዴት እንደሚረግሟቸው ብትሰሙ! «አንጀት የሌለው! እሷስ ሰው አይደለችም?» ይላሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወዳልተሸፈነው ዓይናቸው እየወሰዱ።

ነጠላውን የሸመነው ጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስ ደግሞ የልጃቸው የሂሩት እጮኛ ነው፤ እንደ ሂሩት አነጋገር። በእናቷ አነጋገር ግን «ያ ሸማኔ» ነው። እጁን ያደንቁለታል፤ ልጃቸውን አይሰጡትም።

አንድ ቀን፣ አባትየው ልጅቷን ከነእናቷ ከደጅ የሚመልሱበት ቦታ ላይ ስንደርስ በር ተንኳኳ። ሂሩት ወጥታ ተመለሰች።

«እማዬ፣ የጴጥሮስ እናት ናቸው። ሊያነጋግሩሽ መጥተው ነው።»

«አሞኛል በያቸው።» ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። እትዬ አሰለፈች እያለቀሱ «ምናለ ቢያስገቧቸው?» አሉ።

መልእክቱን አድርሳ የተመለሰችው ሂሩት አልጮኸችም። «እማዬ፣ የጴጥሮስ እናትም አልሄዱም። አጥሩ ሥር ተጠልለዋል» አለች ቀስ ብላ።

ማንበቤን አቆምኩ። እትዬ አሰለፈች እንባቸውን ሳይጠርጉ ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ድምፃቸው ከደጅ ተሰማኝ።

«ኧረ በሞቴ ይግቡ! ዝናብ ሲመታዎት ቆመው ያያሉ እንዴ?»

እንግዳዋ ረጥበው ገቡ። እትዬ አሰለፈች የራሳቸውን ጋቢ አለበሷቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ልጆቹ ከሆነ የመጡት...» ብለው ሲጀምሩ የጴጥሮስ እናት አቋረጧቸው።

«አዎ። ነገሩ ይቅር ብዬ ልለምንዎት ነበር። እንዝርት ይዛ የማታውቅ ልጅ ለቤቴ ምን ትሆነኛለች?»

እትዬ አሰለፈች በአንድ ዓይናቸው አፈጠጡ። «የኔ ልጅ ምን ይወጣላታል?»

«የኔስ ልጅ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሂሩት ናት። ከዚያ እኔ። ሁለቱ እናቶች ለመኮሳተር ታገሉ፤ ግን ጋቢው ውስጥ ያሉት ሴትዮ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እትዬ አሰለፈችም አልቻሉም።

ልጆቹ በጥር ተጋቡ። እናቶቹም አይለያዩም፤ ገበያ አብረው፣ ለቅሶ አብረው። በቀደም የጴጥሮስ ታናሽ ወንድም ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ወድጃለሁ ብሎ ይዟት መጣ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሂሩት ልጅቷን እጇን ይዛ አስገባችና መሃላቸው አስቀመጠቻት።