የክቡር አቶ ሙላቴ አሥራ ሁለት ታፔላዎች

ታፔላውን አሳድሮ ማየት የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሌላው ነጋዴ ዕቃ ይቀይራል፣ ዋጋ ይቀይራል፣ ሲብስበት ሰፈር ይቀይራል፤ ይህ ሰው ግን የሚቀይረው ስሙን ነው። ደንበኛ ስሙን በለመደ ማግስት ቀለሙ ይለወጣል፤ ቀለሙን በለመደ ማግስት ደግሞ ስሙ። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ከተማ አንድ ይበቃል። ለደብረ ታቦር የደረሷት በሶ ሻጩ ክቡር አቶ ሙላቴ ናቸው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ጥላዬ ነው፤ ታፔላውን ሁሉ የጻፈው እሱ ነውና። ጥላዬ ፊደል በእጁ የሚጥል ሽማግሌ ነው። በኮምፒውተር የሚታተመው ባነር ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ከሦስት ዓመት በፊት ሚስቱ ዘነበች ካረፈች ወዲህ ደግሞ እሱም ከሥራው ጋር ቀዝቅዟል። ጠዋት ይከፍታል፣ ቀለም ያልነካቸውን ቡሩሾች ያጥባል፣ ማታ ይዘጋል። በሩን ገፍተው የሚገቡበት ክቡር አቶ ሙላቴ ብቻ ናቸው።

«አያ ጥላዬ፣ ቡሩሽዎን ያዘጋጁ!»

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ጊዜው ተቀይሯል!»

ጊዜው ለክቡርነታቸው በየአራት ወሩ ገደማ ይቀየራል። ሲጀምሩ «ሙላቴ በሶ» ነበር። ቀጥሎ «ደጋ በሶ» ሆነ። ቀጥሎ «ደጋ ዘመናዊ በሶ»፤ ዘመናዊነቱ በምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «በታፔላው» ብለው መልሰዋል። ከዚያ «ደጋ ኢንተርናሽናል የምግብ ማዕከል» መጣ። ማዕከሉ ሁለት በሦስት ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚገበያየው። ታፔላው በተቀየረ ቁጥር በሶው የሚታሸግበት ካኪ ከረጢትም አብሮ ይቀየራል፤ እሱንም ካርቶን ቆርጦ በቀለም የሚያትመው ጥላዬ ነው። የማይቀየረው በሶው ብቻ ነው። ገብሱን የሚያስቆሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንኳን አቆላላቸውን የመቀመጫቸውን ቦታ አይቀይሩም።

ኢንተርናሽናሉ በተሰቀለ ሳምንት አንድ የጋፋት ገበሬ፣ ጎረቤቱ በሶ ግዛልኝ ብሎት፣ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያይ ጀመር።

«የሙላቴ በሶ ቤት ወዴት ገባ?»

ክቡርነታቸው ደረታቸውን ነፉ። «እሱማ ድሮ ቀረ!»

«ውይ!» አለ ገበሬው ኮፍያውን አውልቆ። «መቼ አረፈ?»

የሚሉትን ሳይሰማ እያዘነ ሄደ። በሳምንቱ የክቡርነታቸው አክስት ከአንበሳሜ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ደረሱ። ወንበር ያቀረቡላቸው ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ከላሟ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ያለፈው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ክቡርነታቸው፣ «ከረጢቱ ላይ ላም ይሳሉልኝ። ሰው ላም ሲያይ ጤና ትዝ ይለዋል» አሉ። ጥላዬም ደልደል ያለች፣ ጡቷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ላም ሳለ። ሲጨርስ ራሱም ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። በሶ የጾም ምግብ ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ ለበሶ ሻጭ መኸር ነው። በጾሙ መጀመሪያ ሰኞ አንድ መሪጌታ ከረጢቱን አንሥተው አገላበጡት።

«ላም አለበት።»

«ሥዕል ነው የኔታ፤ ውስጡ ንጹሕ ገብስ ነው።»

«ቅቤ የለውም?»

«በጭራሽ!»

«ወተትስ?»

«ኧረ ጠብታ የለውም!»

«ታዲያ ላሟ ምን ልትሠራ ገባች?»

መሪጌታው ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው መለሱ። ወሬው በየደብሩ ተዳረሰ፤ የሙላቴ በሶ ሁዳዴን ሙሉ ሳይነካ ከመደርደሪያው ላይ ሰነበተ።

ለፋሲካ ላሟ ወረደች። ስሙ ዞሮ ዞሮ «ሙላቴ በሶ» ላይ ተመለሰ፤ ታፔላውም ከረጢቱም ደማቅ አረንጓዴ ሆኑ። ይህን ሰው ወደደው። በተለይ ሐሙሲት ላይ ወደዱት። እዚያ ወይዘሮ ዓለሚቱ የሚባሉ ነጋዴ ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፉ ሚኒባሶች በመስኮት በኩል በሶ ይሸጣሉ። ከነፈንታነሽ በሶ ግማሹን የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። በመስከረም አንድ ቀን ወይዘሮዋ ራሳቸው ደብረ ታቦር መጡና፣ ጥላዬ የክቡርነታቸውን ሱቅ መስኮት እየቀባ ሳለ፣ በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ስማኝ ሙላቴ። ሚኒባስ ሁለት ደቂቃ አይቆምልኝም። ተሳፋሪ ቁጭ ብሎ አያነብም፤ ከሩቅ ቀለሙን ያያል፣ እጁን በመስኮት ያወጣል። ላምህን ይዤ ስቀርብ የገዛ ደንበኛዬ ‹ያ የወትሮው የለሽም?› ብሎኝ ከጎኔ ካለችው ገዛ። በሶው ያው ነው ብዬ ብምል ማን ሰምቶኝ? ሰው የሚያምነው ዓይኑ የለመደውን ነው። ይኸ አረንጓዴ እስከ መጪው ፋሲካ ሳይነካ ከቆየ አብረን ነን። አንዴ ከቀየርከው ግን ከሌላ እወስዳለሁ።»

«ግን እኮ ጊዜው...»

«ጊዜው ይቀየር! አንተ ቁም!»

ግማሹ በሶ ከቀረ ፈንታነሽ ሁለቱን ሠራተኞቻቸውን ማሰናበታቸው ነው፤ ሱቁም ቢሆን ክረምቱን አይሻገርም። ይህን ክቡርነታቸው አላጡትም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃል ገቡ።

አሥራ አንድ ቀን ቆሙ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ሱባዔ ነው። በእነዚያ ቀናት ጥላዬም በሩን የሚገፋ አጣ። ሁለቱን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ፤ ቢከፍትስ ምን ሊያደርግ? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲከፍት፣ ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አያ ጥላዬ፣ ቡሩሽዎን ያዘጋጁ! መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ወርቃማ። ከረጢቱም እንደዚያው።»

«ዓለሚቱስ?»

«ትለምደዋለች።»

«ፈንታነሽስ ሰምታለች?»

ክቡርነታቸው የቀለም ቆርቆሮዎቹን መቁጠር ጀመሩ። «ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

ጥላዬ በሕይወቱ ሥራ መልሶ አያውቅም፤ «ነገ ና» ብሎ ሸኛቸው። ዓለሚቱ በሚኒባስ መስኮት ጥቁር ከረጢት ሲያስገቡ፣ ተሳፋሪው ሲያማትብ ታየው። ሱቁን ዘጋና በቀጥታ ወደ ፈንታነሽ ሄደ። ግቢያቸው ውስጥ ገብስ እያበጠሩ አገኛቸው።

«ባልሽን ያዥው። ጥቁር ታፔላ አዞኛል።»

ፈንታነሽ ሰፌዱን አስቀመጡ። መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አያ ጥላዬ፣ ሰውዬው በታፔላ ያበደ ይመስልዎታል?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ያጻፈ ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው?»

«የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የራሱ እብደት ናቸው፤ አልሸሽገውም። ዘጠኙ ግን ዘነበች ካረፈች ወዲህ ነው። በሠልስቷ ማግስት ከእርስዎ ቤት ሲመለስ ‹ያ ሰው ቡሩሽ ካልያዘ ይሞትብናል› አለኝ። እንዲያው ቢሰጥዎት አይቀበሉም። ‹ጊዜው ተቀይሯል› ብሎ ቢመጣ ግን እየተነጫነጩም ቢሆን ይሠራሉ። ላሟን የሳሉ ቀንማ ‹ዛሬ ሳቁ!› እያለ ነው ቤት የገባ። ሁዳዴን ሙሉ ሳንሸጥ ስንቀር እሱ አልተቆጨም። እኔ ተቆጭቻለሁ።»

«አሁንስ? ለዓለሚቱ ቃል ገብቶ የለም?»

«ሁለት ቀን ሱቅዎ ተዘግቶ ዋለ አይደል? በመንገዱ ሁለቴ ሦስቴ ሲመላለስ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ጠፋው።»

ጥላዬ «ደህና ዋይ» ብሎ ወጣ። ወደ ቤቱ ረዥሙን መንገድ ያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ሰው የታገሠው እሱ ይመስለው ነበር።

«ክቡርነታቸው» ማለቱን እዚህ ላይ እንተወውና፣ ሙላቴ በማግስቱ በጠዋት መጣ። ጥላዬ አስቀድሞ ተነሥቶ የአረንጓዴውን ቀለም ክዳን ከፍቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ነበር።

«ጥቁሩስ አያ ጥላዬ?»

«ጥቁር የለም። አረንጓዴህን ክረምቱ አደብዝዞታል። ታፔላህ ሌላ ከረጢትህ ሌላ አረንጓዴ ሆኖ ያቺ ሐሙሲት ያለችው ካየች አትለቅህም። እንግዲህ በየወሩ እየመጣሁ ያንኑ አድሳለሁ። ከረጢቱንም በየሳምንቱ እዚሁ ሱቅህ ተቀምጬ አትማለሁ፤ ያንኑ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ። ምሳዬን ከእናንተ ጋር ነው የምበላው፤ ለፈንታነሽ ንገራት።»

ሙላቴ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አየው። ሚስቱ መናገሯ ሳይገባው አልቀረም። መሰላሉን ከሁለት ወገን ይዘው ዋናውን መንገድ ተሻገሩ።

ጥላዬ ወጥቶ መቀባት ጀመረ። ሙላቴ ከታች ሆኖ መሰላሉን ይዟል፤ አንገቱን አቅንቶ ከማየት ግን አላረፈም።

«አያ ጥላዬ፣ ያቺ ‹ሶ› ወደ ግራ ጋደል አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያ አሁን ቀና አያደርጓትም?»

«ሰው የሚያውቃት እንዲህ ሆና ነው» አለ ጥላዬ፤ ቡሩሹን ነከረና ፊደሏን በዚያው በተጋደለችበት ቀባት።

ሙላቴ መሰላሉን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።