ሊቀ ብረት አሥሬ እና ዘጠኝ ላይ የቆመው አልበም

በእያንዳንዱ ሰፈር አንድ የማይከዳ ሰው አለ። የሚደግፈው ቡድን ስድስት ለባዶ ሲሸነፍ «ኳሱን ግን ይዘነው ነበር» የሚል፣ ሠላሳ ዓመት የነዳው መኪና መሐል መንገድ ላይ ሲቆምበት «ሞተሩ ትንሽ ይረፍ» ብሎ የሚሟገትለት፣ የሚወደው ዘፋኝ ጉሮሮው ተዘግቶ ሲያስል «ስልት ነው» የሚል። እንዲህ ዓይነት ሰው አላውቅም የምትሉ ካላችሁ ራሳችሁን መርምሩ፤ እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

የኛ ሰፈሩ ከሁሉም ይብሳሉ። በያጅ ናቸው። በርና መስኮት፣ የአጥር በር፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራሉ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። እና ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸታም የጊታር ሙዚቃ ይወዳሉ።

ቤቱን ስከራይ አከራዬ «ታች ያሉት ሰውዬ ሜታል ይወዳሉ፤ እንግዲህ አልነገረችኝም እንዳትል» ብለውኝ ነበር። በያጅ ብረት ባይወድ ነው እንጂ የሚገርመው ብዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጊታሩ ሲጀምር ሳቄ አለቀ። የምጽፍበት ጠረጴዛ ያለው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ በቀጥታ የሚያየው የሰውየውን ወርክሾፕ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ዓምድ የጻፍኩት ጆሮዬ ላይ ጥጥ ወትፌ ነው። አንዳንድ ጽሑፎችህ ለምን ይጮኻሉ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ አንባቢዎች መልሱ ይኸው።

የሚወዱት ባንድ አንድ ብቻ ነው። ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ዝገት» ይባላል። አራት ሰዎች ናቸው። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፖስተር ጸጉራቸው ወገባቸው ይደርሳል። ዛሬ ሁለቱ ከኮፍያ አይለዩም፣ ድምፃዊው መላጣውን በጸጋ ተቀብሏል፣ ድራም መቺው ደግሞ ወገቡን ስለሚያመው ሁለት ትራስ ካልተደረገለት አይመታም። የኛ በያጅ ወርክሾፑን የከፈቱት የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የወጣ ዓመት ነው። «አብረን ነው የጀመርነው» ይላሉ፣ ሰዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ደውለው ያማከሯቸው ይመስል።

«ሊቀ ብረት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «አሥሬ» የሚለው ቅጽል ስም ግን የሰፈሩ ነው፤ የመጣውም ከአፋቸው ከማትጠፋው ቃል ነው፦ «አሥሬ ሳትሰማ አትፍረድ!» እኛ አሥሬ ስንል ብዙ ጊዜ ማለታችን ነው፤ «አሥሬ አትጨቅጭቀኝ» የሚል ሰው ቆጥሮ አይደለም። ሊቀ ብረት ግን ይቆጥራሉ። የዝገት አዲስ አልበም ሲወጣ፣ ብረት ምልክት በሚያደርጉበት ጠመኔ፣ በሰሙት ቁጥር የወርክሾፑ የላሜራ በር ላይ አንድ ጭረት ያሰምራሉ። አሥር ሲሞላ ይፈርዳሉ። ፍርዱ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ተለውጦ አያውቅም፦ «ግሩም ነው። ለጊዜው ያልገባው ሰው ይኖራል።»

አንድ ጊዜ ባንዱ ምን እንደነካው እንጃ ዋሽንት የገባበት አልበም አወጣ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ የሊቀ ብረትን ራስ ይዞ እየሠራ «አይ ጋሼ፣ የድሮው ይሻላል» ብሎ አመለጠው።

«ስንቴ ሰማኸው?» አሉት በመስታወቱ ውስጥ እያዩት።

«አንዴ።»

በግማሹ እንደተቆረጡ ተነሥተው ወጡ። አምስት ወር አልተመለሱም። ዳር ዳሩን የቀረቻቸው ጸጉር ኮሌታቸው ላይ ስትደርስ ባለቤታቸው «አሁንስ ከባንዱ ሁሉ የተሻለ ጸጉር ያለው ደጋፊው ነው» አሏቸው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ላለማጣት አልበሙን አሥር ጊዜ ሰምቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዛሬም ዋሽንት ሲሰማ ራሱን ያመዋል።

ነገሩ በሙዚቃ ብቻ አይቆምም። የጆሮ ሐኪሙ «የግራው ትንሽ ደክሟል» ቢላቸው «አሥሬ ሳትመረምር?» ብለው ወረቀቱን መለሱለት። የጥርስ ሐኪሟ ጎረቤታችን የሠሩላት በር ሲከፈት ይጮኻል ብላ ብትመጣ «አሥሬ ክፈቺውና ከዚያ ንገሪኝ» አሏት። እየተነጫነጨች ሄዳ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። በአሥረኛው በሩ ጸጥ አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንዳንዴ ልክ ናቸው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ መሆኑ ቀረ። የሊቀ ብረት ቀኝ ትከሻ መታመም ጀመረ። ሰውም ከሱቅ ተሠርቶ ያለቀ በር እየገዛ መግጠም ለመደ። ሐኪሙም፣ ልጃቸውም፣ ፀጉር አስተካካዩም «ጋሼ፣ አይበቃዎትም?» ማለት አበዙ። አንድ ቀን ሁላችንም ተራ ይዘን ፀጉር ቤት በተቀመጥንበት ሊቀ ብረት ተነሥተው ቆሙና አወጁ፦ «ዝገት አዲስ አልበም ሊያወጡ ነው። እኩዮቼ ናቸው። ጥሩ ከሠሩ እኔም እሠራለሁ። ካቃታቸው ወርክሾፑን እዘጋለሁ። በቃ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም፣ ምን እደብቃለሁ፣ በልቤ አልበሙ እንዲበላሽ ተመኘሁ። ጥጥ ሳልወትፍ የምጽፍበት ቀን ታየኝ።

አልበሙ ወጣ። ርዕሱ «ገና እንደጋልን ነን» የሚል ነው። መቼም በብዙ ነገር የምሳሳት ሰው ነኝ፤ ግን መስኮቴ ተዘግቶ፣ ከነጥጤም ሆኜ፣ ለብ ያለ መሆኑ ገባኝ። ጊታሩ የሚጣደፍ ይመስልና የትም አይደርስም። ድራሙ ውስጥ ትራሶቹ ይሰማሉ። ድምፃዊው ከፍ ሊል ይነሣና መሐል ላይ ትቶት ይወርዳል። ሊቀ ብረት በሌላ ጊዜ በሦስት ቀን አሥሩን ይጨርሱ ነበር። ይህኛው ዘጠኝ ጭረት ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ዘጠኝ ላይም ቆመ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛም አለፈ። ሙዚቃ የለም። ብረት የሚሞርዱበት ግራይንደርም እየቆየ ዝም አለ። ሥራ ይዞ የሚመጣውን ሰው «እስቲ ቆየኝ» እያሉ መመለስ ጀመሩ። እኔም ጥጤን አወጣሁና እንደተመኘሁት በጸጥታ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሱንም ሰረዝኩት።

ባለቤታቸው አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሬን አንኳኩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ዘጠኝ ላይ ቆመ» አሉኝ።

«ዘጠኝም እኮ ቁጥር ነው እትዬ።»

«ቁጥርማ ነው። አሥር ሊሆን ሲል የቀረ ዘጠኝ ግን በሽታ ነው። አሥረኛውን ከሰማ መፍረድ አለበት። ከፈረደ ደግሞ ሊዘጋ ነው፤ አፉን ሞልቶ ተናግሯላ! ስለዚህ አይሰማም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ ጓንቱን ያጠልቅና አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እንዲሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ጓንቱን አድርጎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ሂድና አብረኸው ስማ። አንተን ይወድሃል።»

«እኔን? ስለ ጩኸቱ ለማዘጋጃ ቤት ሁለቴ ደብዳቤ የጻፍኩባቸውን?»

«አሳይተውት አንብቦታል። ጥሩ የመጻፍ እጅ አለው አለ።»

ጫማዬን አጠለቅሁና ወረድኩ።

ሊቀ ብረት የቀለም ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ያላለቀ መስኮት እንደተጋደመ አለ። ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራቸው ገባቸው። ተነሥተው ማሽኖቹን ሁሉ ከዋናው ማጥፊያ አጠፉ፤ የቀረችው በባትሪ የምትሠራው የሙዚቃ ማጫወቻዋ ብቻ ናት። «አሥረኛው በጸጥታ ነው የሚሰማው» አሉኝ።

እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ «ግሩም ነው» ልላቸው ነበር የሄድኩት። ሙሉ በሙሉ ግን ውሸት እንዳይሆን አንድ እውነት ይዤ ነበር። «ጋሼ፣ ስድስተኛው ዘፈን ላይ የምወደው ቦታ አለ» አልኳቸው። «ወደ መጨረሻው ላይ፣ ድምፃዊው ከፍ ሊል ሲል አንድ መሣሪያ ይገባል። እንደ ጩኸት ሆኖ ይነሣና ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጭጭ። ያን ቦታ ስሰማ ጥጤን ሁሉ አውጥቼ አውቃለሁ።»

ፊታቸው በራ። «ስድስተኛው ላይ?»

«ስድስተኛው ላይ።»

ሰማን። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ አምስተኛው ላይ እሳቸው ጫማቸውን እኔ ጣሪያውን እያየን ነበር። ስድስተኛው ጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጣቴን አነሣሁ፣ አሁን ይመጣል ለማለት። ድምፃዊው ተነሣ። ወጣ። ድምፁ ተሰነጠቀ። ለአፍታ ባዶ ሆነ፤ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ተራመደና ዘፈኑ አለቀ። ጣቴ እንደተቀሰረ ቀረ።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ያ ጩኸት። ያ መሣሪያ። ዝይይይ የሚለው።»

ሊቀ ብረት ከባልዲው ተነሡ። ከዚያ ሄደው ማጥፊያውን አበሩ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ግራይንደሩን አነሡና ጥግ ላይ የተደገፈ ቱቦላሬ ብረት ነካ አደረጉት። ዝይይይ ብሎ ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ጭጭ አለ። ፍንጣሪው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ይሄ?»

«እሱ!»

ምን ያህል እንደሳቅን አላውቅም። እሳቸው ባልዲው ላይ ዘጭ አሉ፤ እኔ ያላለቀውን መስኮት ተደግፌ እንባዬን ጠረግሁ። ባለቤታቸው ምን ተፈጠረ ብለው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ሳቁ ሲበርድ ሊቀ ብረት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«እዛጋ ሲደርስ እጄ ሳላዘው ወደ ግራይንደሩ ይሄዳል» አሉ። «ዘጠኙንም ጊዜ። ድምፃዊው ሲያቅተው እንዳልሰማ እሸፍነዋለሁ። ለሱ አፍሬለት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳይሸፈን ስሰማው ግን እሱ አላፈረም። ድምፁ እንደማይደርስለት አያውቅም? ያውቃል እንጂ! እያወቀ ነው የገባበት። ያፈርኩት እኔ ለራሴ ነው።» ተነሥተው ጠመኔውን ያዙና ዘጠኙ አጠገብ አሥረኛውን ጭረት አሰመሩ። ወደ ሁለታችን ዞረው ሠላሳ ምናምን ዓመት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ፍርድ ሰጡ፦ «አይረባም።»

  ለአሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁት ነገር ደጃፌ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም።

«ታዲያ ሊዘጉት ነው ጋሼ?»

«ምኑን?» ብለው ተቆጡኝ። «ከመላው አልበም የወደድከው አንድ ቦታ ነው። እሱን የተጫወተው ማነው? እኔ! ታዲያ እንዴት ብዬ ነው የማቆመው?»

ባለቤታቸው በሩ ላይ ሆነው እጃቸውን አጣመሩ። «ከባድ በር ግን የለም።»

«የለም።»

«የአጥር በርም የለም።»

«የለም አልኩ እኮ።»

«አሥሬ እንዳታስደግመኝ» አሉና እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

አሁን ሊቀ ብረት የሚሠሩት ቀላል ቀላሉን ነው፤ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የአበባ ማስቀመጫ። የመጀመሪያው ሥራ ግን ለማንም ደንበኛ አልተሸጠም። ክብ መቀመጫ ያለው፣ ከኋላው ወገብ የሚይዝ መደገፊያ የተበየደለት፣ ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ነው። ተጠቅልሎ፣ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ለዝገት ድራም መቺ ተላከ። አብሮት የሚሄደውን ደብዳቤ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ «አንተ ደብዳቤ ላይ ልምድ አለህ» ተባልኩ። ቃል በቃል እንዲህ አስጻፉኝ፦ «አልበማችሁን አሥር ጊዜ ሰማሁት። አይረባም። ወንበሩ ለወገብ ነው። ቀጣዩን እጠብቃለሁ።» መልስ እስካሁን አልመጣም። ሊቀ ብረት ግን ፖስታ ቤት አሥሬ ሳይመላለሱ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም።

እኔም አልበሙን ገዛሁት። ሰው እንዳያውቅብኝ ብቻዬን ስሆን ነው የምሰማው። እውነትም አይረባም። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ግን፣ ወደ መጨረሻው፣ ድምፃዊው ከፍ ሊል ሲነሣ፣ ሄጄ መስኮቱን ለግራይንደሩ እከፍተዋለሁ።