እጅ የምትነሳው መኪና

ጨዋ የተባለ ሰው ሁሉ ቢፈተሽ አንድ የላላ ቡሎን አይታጣበትም። አትቆጡ! ከራሴ ተነስቼ ነው።

እንጅባራ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ካሉ አንድ ጡረተኛ ላይ አሮጌ አሜሪካን ሠራሽ መኪና ገዛሁ፤ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሳ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ አጥር የምታዘልል። ሞተሯ አንበሳ ነው። መሪዋ ግን... ሩብ ዙር ካላዞራችሁት ጎማው ወሬውንም አይሰማ! ለቀቅ ሳደርጋት ወደ ዳር፣ ስመልሳት ወደ መሐል። ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። "የጎማ ንፋስ ነው!" "አስፋልቱ ያዘነበለ ነው!" አንድ ቀን እንዲያውም የነፋስ ግፊት መሆኑን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልሁ አስረዳሁ። ይባስ ብዬ ፈተና አወጣሁበት።

በዚያው ሰሞን አዲስ ቅዳም ሽማግሌ ልኬ ነበር። እመቤት የምትባል መምህርት ወድጄ ልቤ ጠፍቷል። አባቷ ጋሽ ዓለምነህ ሽማግሌዎቹን "ጠይቀን እናሳውቃለን" ብለው ሸኟቸው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ይጠናል፣ ጎረቤት ይጠየቃል ማለት ነው። እህል አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአዲስ ቅዳም አልፌ ወደ ዳንግላ ስወርድ ጋሽ ዓለምነህን በራቸው ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ሳያቸው በፍርሃት መሪውን ለቀቅ አደርጋለሁ። መኪናዋም ወደ እሳቸው ዘንበል፣ ደንግጬ ስመልሳት ቀና፣ ደግሞ ዘንበል... ልጃቸውን ስጠይቅ አባትየውን ልደፈጥጥ!

ሰኞ እመቤት ደወለች።

"አባዬ ምን አሉ መሰለህ?"

"ሰካራም ነው አሉ?"

"'ሌላው ባለመኪና ጥሩንባ ነፍቶብን ያልፋል፤ ይህ ልጅ ግን ከነመኪናው እጅ ይነሳል!' አሉ።"

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል፤ የእኔው ስም የዋለው ከተበላ መሪ ላይ ነው። እውነቱን መናገር ሲገባኝ፣ "ያው አስተዳደጌ ነው" አልኋት። አላፈርሁም!

ምን ዋጋ አለው፣ አስተዳደጌ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ጉድ ሠራኝ። መኪናዋ እህል የጫነ ጋሪ ላይ ዘንበል አለችና ፈረሱ በሁለት እግሩ ቆመ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረን ተራረፍን። ጋሪ ነጂው ወርዶ በመስኮት አየኝና በትሕትና ጠየቀኝ።

"መምህር፣ እኔ ልጓም ይዣለሁ። እርስዎ ምን ይዘዋል?"

መልስ ያጣሁት ያን ቀን ነው።

እንጅባራ እንደተመለስሁ አብሮ አደጌ መካኒኩ ሙላት ጋ ሄድሁ። ስለ ነፋስ ግፊት ልነግረው ስጀምር፣ "ዝም ብለህ መሪውን አዙር" ብሎኝ ከሥር ገባ።

"ወደ ቀኝ!"

"አዞርሁ!"

"አላዞርህም!"

"አዞርሁ እኮ!"

"እንግዲያው የዞርኸው አንተ ብቻ ነህ!"

ወጥቶ አስጎንብሶ አሳየኝ። የመሪው ዘንግ ከላይ ይዞራል፤ ከመገጣጠሚያው በታች ያለው ለጥ ብሎ ተኝቷል። መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት ያ መገጣጠሚያ ተበልቶ አልቋል።

"ምን ነበር የምታስተምረው?"

"ፊዚክስ።"

"እግዜር ልጆቹን ይጠብቅ!" አለና ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ቀየረልኝ።

መኪናዋ ሌላ ሆነች! በቀጣዩ ቅዳሜ በጋሽ ዓለምነህ ደጃፍ በሁለት እጄ መሪዬን ጨብጬ፣ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ፣ እንደ ቀስት አለፍሁ። እንዴት እንደኮራሁ!

ሰኞ እመቤት ደወለች።

"ምን አድርገንህ ነው?"

"ምን አጠፋሁ?"

"አባዬ 'ገና እሺ ሳንለው ቀጥ ብሎ አለፈን! ከወሰዳትማ ደጃችንንም አይረግጥ' ብለዋል። ጠባይህ እንደገና ሊጠና ነው።"

እየሮጥሁ ሙላት ጋ።

"አሮጌውን ዕቃ መልስልኝ!"

"ሞትህን ነው የምትፈልገው?"

"ሚስቴን ነው!"

"ታዲያ ሂድና እውነቱን ንገራቸው።"

ምን ብዬ? ጨዋነቴን ያመጣው የተበላ ብረት ነው ልበላቸው? አልቻልሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸው ደጃፍ ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስሁ፤ የፊትና የኋላውን አየሁ፤ መሪዬን ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ፣ መለስ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ... ጋሽ ዓለምነህ ከመቀመጫቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እመቤትን አገባኋት። አማቼ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸው ላይ ይጠብቁኛል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከነመኪናዬ እጅ እነሳቸዋለሁ። ሙላት በየጊዜው መሪውን እየፈተሸ "አንድም የላላ ነገር የለውም" ይለኛል። እውነቱን ነው። መኪናዋ ድናለች፤ አሁን የምንገዋለለው እኔ ነኝ።