የሙሴውን ጥድ የለኮስኩ ዕለት

ልጆቹ «እማማ፣ ያቺን የጥዷን ነገር ካልነገርሽን አንለቅሽም» ብለው ያዙኝ። እሺ፣ ጉዴን ስሙ! ግን ስቃችሁ ስትጨርሱ ፊቴን እንዳታዩኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። ከወዲሁ ትስቃለች። ዝም ብለሽ ጻፊ!

ነገሩ የሆነው ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ ነው። ያኔ ጉልበቴ እንዲህ ሳይከዳኝ፣ ቀበና ወርጄ ውኃ ቀድቼ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ የምወጣ... ኧረ ወዴት እየሄድኩ ነው? አዎ፣ ሙሴው።

ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ይሄኛው አናጢ ነው፤ ለቤተ መንግሥት በርና መስኮት ይሠራል። ቤቱን የምይዝለት እኔ ነኝ። ሚስቱ በክረምቱ ታማ ሞተችበት። ሊዛ የምትባል ትንሽ ልጅ ቀረችው።

ያቺ ልጅ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋባት። ምግብ ቆንጠር ታደርግና ዝም ትላለች። አባትየው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

ታዲያ በገና ጾም መካከል ምን አደረገ መሰላችሁ? ከየካ ጫካ ጥድ ቆርጦ መጣ!

ቤት ውስጥ አቆመው። ቤት ውስጥ!

ከወረቀት አበባ ቆራርጦ አሰረበት። ትንንሽ ጧፎችም አሰረበት። ራሱ የጠረበውን የእንጨት ፈረስ ሰቀለበት። ከዚያ «ሊዛ... ደስታ... ማታ» አለኝና ልጅቷን ይዞ ወጣ።

እስቲ ፍረዱኝ። ዛፍ ቆሟል። አበባ ታስሯል። ጧፍ ተዘጋጅቷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ደመራ ነዋ!

«ምስኪን» አልኩ በልቤ። መስቀል ካለፈ ስንት ጊዜው! ሚስት የሞተችበት ሰው ቀኑ ቢምታታበት ይፈረድበታል? አደይ አበባ ቢያጣ ነው ወረቀት ያሰረው። ቤት ውስጥ ያቆመውም ባያውቅ ነው። ጣራው ሣር! ከነልጁ ሊነድ!

ያዳንኳቸው መስሎኝ እኮ ነው።

ጎረቤቴን እማሆይን ጠርቼ ጥዱን እየጎተትን ግቢ አወጣነው።

«ፈረሱስ?» አሉኝ እማሆይ።

«ፈረንጅ ከደመራ ጋር ምን እንደሚያቃጥል እኔ በምን አውቃለሁ፣ እማሆይ!»

አባትና ልጅ ዳገቱን ሲወጡ ሳይ፣ ሲደርሱ እንዲደምቅላቸው ብዬ ለኮስኩት። የጥድን ነገር ታውቁታላችሁ። ቦግ!

ሙሴው የሊዛን ዓይን በሁለት እጁ ሸፍኖ ገባ። አስተርጓሚው ተሰማ ከኋላው ነበር። ሙሴው እጁን ከዓይኗ ላይ አነሳ።

ፈረሱ እየነደደ ነው።

እኔ እልል እያልኩ ነው። ብቻዬን!

«አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ ተሰማ።

«ደመራውን ለኮስኩለት።»

«የምን ደመራ! ገናቸው ነው! ልጅቷ ቤት ውስጥ ሆና የምታየው ዛፍ ነው!»

«ዛፍ ለማየት? ይሄ ሁሉ ጫካ ደጃችን እያለ?»

እማሆይ ጆሯቸው አይሰማ፣ ከወዲያ ሆነው «ወደ ምሥራቅ ወደቀ! ዘመኑ የጥጋብ ነው!» ይላሉ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

የሊዛ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሙሴው ተንበረከከና በጆሮዋ፣ በቋንቋቸው፣ ብዙ ነገር ነገራት። ልጅቷ ቀና ብላ ጭሱን አየች። ከዚያ መጥታ እጄን ያዘችና በእሳቱ ዙሪያ ጎተተችኝ። ሳቀችም!

እኔ ግን «ይቺ ቂል ናት፣ ተያት» ያላት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። በነጋታው ሥራውን ተውኩ። አላባረረኝም፤ ዓይኑን ማየት አቃተኝ እንጂ። የሰፈሩ ሰው «የዘንድሮ ደመራ መቼ ነው?» እያለ ስንት ዘመን ተጫወተብኝ!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተሰማ ሸምግሎ፣ ፈረንጅ አገር ደርሶ ሲመለስ ሊጠይቀኝ መጣ። በገናቸው ሊዛ ቤት ነበርኩ አለኝ። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ወልዳለች። ዛፉን አስጊጠው፣ ደጅ በረዶው ላይ አወጡና ለኮሱት። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት እያየ ጉድ ይላል!

ለምን ቢላት ምን አለችው? «በእናቴ መቃብር አገር፣ እናቱ ለሞተችበት ልጅ ዛፉን ያቃጥሉለታል። ጭሱ የልጁን ናፍቆት ለእናትየው ያደርሳል። አባቴ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ።

«እና አንተ እውነቱን ነገርካት?» አልኩት።

«እኔማ ምን ልበላት?» አለ ተሰማ። «እየጨፈርኩ አብሬያቸው ዞርኩ እንጂ!»