ኦቦ ነገራ እና የጎጆ ንፋስ

ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ እንዳለ መጠቀም የሚያንገበግበው ሰው የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ የለም። ባለሙያ ስንት ዓመት ተጨንቆ ያወጣውን እሱ ከምሳ በኋላ ፈትቶ ያርመዋል። ለእኛ ለአምቦዎቹ የደረሱን ክቡር ኦቦ ነገራ ናቸው። እንጀራቸው ግብርና ቢሮ ነው፤ ነፍሳቸው ግን ያለችው ሞተር ሳይክላቸው ላይ ነው።

በክቡርነታቸው እምነት የሰው ልጅ ጠላት አንድ ብቻ ነው። «ችግሩ ንፋሱ ነው!» ይላሉ። ሞተሩ ነዳጅ ሲበላ ንፋሱ ነው። ስብሰባ ሲያረፍዱም ንፋሱ ነው። አንድ ቀን የቢሯቸው በጀት ለምን እንደዘገየ ጠየቅኳቸውና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተሰናብቼ ሄድኩ።

የመጀመሪያው የንፋስ መከላከያቸው ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ነበር። ስለማያሳይ አንገታቸውን ወደ ጎን አውጥተው ሲነዱ ንፋሱ አንገታቸውን መታውና ሳምንት ሙሉ ወደ ግራ እያዩ ቢሮ ገቡ። ሁለተኛው የኮሮና ትሩፋት ነው። ያኔ በየቢሮው መስኮት የተሰቀለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሲወርድ አንዱን ለምነው ሞተሩ ላይ አሰሩት። የመነጋገሪያ ቀዳዳው ግን አብሮ መጣ። ንፋሱ በቀዳዳው ተሰብስቦ ልክ አፋቸው ላይ ስለሚገባ ከአምቦ እስከ ጉደር ጉንጫቸው ተነፍቶ ይደርሱ ነበር። «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለውን ጽሑፍ አልላጡትም፤ እሱ እንኳ ጠቅሟል፣ ባጃጆች ያከብሩት ነበር።

አትሳቁ፣ ነገሩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው ሲስተር ልዩ ከአምቦ እየተመላለሰች ደጋው ላይ ባለችው ጎጆ ከተማ በነርስነት ትሠራለች። የጎጆን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቷ ደካማ ስለሆነ ከኦቦ ነገራ ኋላ ተቀምጣ በመጣች ቁጥር ስታስል ትከርማለች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ጎጆ ቤት ልከራይ ነው።»

«አንዴ ጎጆ ወጥተን የለም እንዴ!» አሉ ደንግጠው።

«ያ የሁለታችን ነው፤ ይሄኛው የደረቴ ነው።»

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራቸውም። የውድድር ሞተሮችን በስልካቸው ሲያዩ ሰነበቱና ሹል አፍንጫ ያለው ሽፋን ከፋይበር አሠሩ፣ መሪውን ዝቅ አስደረጉ፣ ነዳጅ ታንከሩ ላይ በደረታቸው ተኝተው መንዳት ጀመሩ። እውነትም ንፋሱ በላያቸው አለፈ። አልፎም ከኋላ ቀጥ ብላ የተቀመጠችውን ልዩን አገኛት።

የጎጆ መንገድ ዳር የቆሙ ሽማግሌዎች ያዩት ይህን ነው፦ አንድ ሰው ሞተር ላይ ተደፍቷል፣ ሚስቱ ከኋላ ይዛዋለች፣ ሰላምታም የለም። በእኛ አገር ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። ሽማግሌዎቹ የሚጣላቸው ሰው ስላልነበረ ታሟል ብለው መንገዱን ዘግተው አስቆሟቸው። ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት እንዲመጣም አዘዙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባልሽን ምን ነካው?» አሉ አንደኛው።

«ምንም አልሆነም፣ አባቴ» አለች ሲስተር ልዩ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ንፋስ ፈርቶ ነው።»

ሽማግሌው ክቡርነታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ሚስትህን ለንፋስ ሰጥተህ አንተ ትደበቃለህ?» አሏቸው።

ኦቦ ነገራ ያን ቀን የሚያላክኩበት አጡ።

ባለፈው ዓርብ ከጎጆ ሲመለሱ አምቦ መግቢያ ላይ አገኘኋቸው። ቤቱ አልተከራየም። ሹሉ አፍንጫ ወልቋል፣ መሪውም ወደ ላይ ተመልሷል። ካፖርት በካፖርት ደርበው እንደ በር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው እንባ ያፈሳል፣ ጢማቸው በጉም ርሷል። ሲስተር ልዩ ጉንጯን ጀርባቸው ላይ ጣል አድርጋለች። እንዳትወድቅ አንድ ጋቢ ሁለቱንም ወገባቸው ላይ አስሯቸዋል።

ነገረኛነቴ ተነሳና «ኦቦ ነገራ! ያ ሁሉ መከላከያ የት ገባ?» ብዬ ጮህኩ።

የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው፣ ብርድ በሰነጠቀው ከንፈራቸው «ቀስ በል እንጂ!» አሉኝ። «ተረኛ ሆና ነው ያደረችው። ተኝታለች።»

መንገዱን ለቀቅኩላቸውና ቀስ ብለው አለፉ። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ።